ራሱን የሚጠግነው ክሪስታል፦ ጨረራ በፔሮቭስካይት ሴሚኮንዳክተሮች ላይ የሚያደርሰው እንከንና የማገገም ሂደቱ

ፔሮቭስካይት ተብሎ የሚጠራው የፀሐይ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ቁስ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ወደ ገበያ መግባት ጀምሯል። ስለዚህ ቁስ በሚሰጡ መግለጫዎች ውስጥ ተደጋግሞ የሚነሳ አንድ አባባል አለ፤ ይኸውም በጨረር ሲጎዳ «ራሱን በራሱ ይጠግናል» የሚለው ነው። አባባሉ ሐሰት አይደለም። ሆኖም እውነት የሚሆነው ለተወሰነ የጉዳት ዓይነትና በተወሰነ ሁኔታ ውስጥ ብቻ ነው። ለቤቱ ወይም ለድርጅቱ የፀሐይ ኃይል ፓነል ለመግዛት የሚያስብ፣ ከውጭ አገር ለማስገባት የሚፈልግ ወይም የዘርፉን ቴክኖሎጂ ለመረዳት የሚሻ ዜጋ ይህን ልዩነት ካላወቀ፣ ለኅዋ የተነገረውን ለጣሪያው የተነገረ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። ይህ ጽሑፍ ጉዳቱ እንዴት እንደሚደርስ፣ ማገገሙ በምን መንገድ እንደሚከናወንና ወሰኑ የት ላይ እንደሆነ ያስረዳል። በጽሑፉ ውስጥ «ዓ.ም.» የሚል ምልክት ካልተጻፈባቸው በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

ጨረርና ጨረራ

በዕለት ተዕለት ንግግር «ጨረር» የሚለው ቃል ሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮችን ያቅፋል። የማለዳ ፀሐይ ጨረር ነው፤ በሆስፒታል የራጅ ክፍል የሚመነጨውም ጨረር ይባላል። በሕግና በመንግሥት አሠራር ሁለተኛው «ጨረራ» በሚለው ቃል ይለያል። የጨረራና ኒውክሌር መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1025/2009 የሚመለከተውም ይህንኑ ነው።

ልዩነቱ የጉልበት ነው። የፀሐይ ብርሃን ከአቶሞች ላይ ኤሌክትሮኖችን ቢያነቃቃም በአብዛኛው አቶሙን ከቦታው አያፈናቅልም። ጨረራ ግን ኤሌክትሮንን ከአቶም ነጥሎ ለማውጣት የሚበቃ ጉልበት አለው። ከጨረራ ዓይነቶች መካከል ፕሮቶንን፣ ኒውትሮንንና ፈጣን ኤሌክትሮንን የመሳሰሉት ቅንጣቶች ደግሞ አቶሙን ራሱን ገጭተው ከተቀመጠበት ሥፍራ ሊያስወጡት ይችላሉ። በምድር ገጽ ላይ የምንኖር ሰዎችም ሆኑ በጣሪያችን ላይ የተሰቀሉ ፓነሎች ከእንዲህ ዓይነቱ የቅንጣት ውርጅብኝ በከባቢ አየርና በምድር መግነጢሳዊ መስክ ተጠብቀናል። ከከባቢ አየር በላይ የሚዞሩ ሳተላይቶች ግን ይህ ከለላ የላቸውም፤ ወይም ያላቸው በከፊል ነው።

ስለዚህ «ፔሮቭስካይት ጨረርን ይቋቋማል» ሲባል በአብዛኛው የሚነገረው ስለ ጨረራ፣ ማለትም ስለ ኅዋ ቅንጣቶች፣ ስለ ጋማና ስለ ኤክስሬይ ነው። ስለ ፀሐይ ብርሃን የሚነገረው ሌላ ጉዳይ በመሆኑ ወደ ኋላ ላይ ለብቻው ይመጣል።

ፔሮቭስካይት ምንድን ነው?

ስሙ መጀመሪያ የማዕድን ስም ነበር። ጀርመናዊው የማዕድን ተመራማሪ ጉስታቭ ሮዘ በ1839 ከኡራል ተራሮች የመጣ ማዕድን መርምሮ ለሩሲያዊው ሌቭ ፔሮቭስኪ መታሰቢያ ይሆን ዘንድ በስማቸው ሰየመው። ያ ማዕድን ከካልሲየም፣ ከቲታኒየምና ከኦክስጅን የተሠራ ነው። ዛሬ በፀሐይ ኃይል ዘርፍ የምንሰማው ፔሮቭስካይት ግን ከማዕድኑ የወሰደው የአቶሞቹን አደራደር ብቻ ነው፤ የተሠራባቸው ንጥረ ነገሮች ሌሎች ናቸው።

አደራደሩን ለመረዳት አንድ ሳጥን በሐሳብ መሳል ይጠቅማል። በሳጥኑ መካከል የእርሳስ አቶም ይቀመጣል። በስድስቱ ገጾች መካከል አዮዲን ወይም ብሮሚን ይኖራል። በስምንቱ ማዕዘኖች ላይ ደግሞ ሲዝየም ወይም ሜቲልአሞኒየምና ፎርማሚዲኒየም የሚባሉ ትናንሽ የካርቦን ውሁዶች ይገባሉ። ይህ ሳጥን በሁሉም አቅጣጫ ሲደጋገም ክሪስታሉ ይገኛል። ፓነል ውስጥ የሚገባው ንብርብር ውፍረቱ ግማሽ ማይክሮ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሰው ፀጉር ውፍረት ከመቶ እጥፍ በላይ ያንሳል።

በዮኮሃማ ቶይን ዩኒቨርሲቲ የጃፓናዊው ቱቶሙ ሚያሳካ የምርምር ቡድን ይህን ቁስ በፀሐይ ሴል ውስጥ ተጠቅሞ በ2009 ባሳተመው ውጤት ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የመለወጥ ብቃቱ 3.8 በመቶ ብቻ ነበር። ዛሬ በቤተ ሙከራ ያለው አኃዝ ከ26 በመቶ በላይ ሲሆን፣ ፔሮቭስካይት በሲሊከን ላይ ተደርቦ ሲሠራ ደግሞ ከ34 በመቶ አልፏል። ሲሊከን ለዚህ ደረጃ የበቃው በብዙ አሥርት ዓመታት ጥረት ነው።

በሁለቱ ቁሶች መካከል ያለው የአሠራር ልዩነት ለቀጣዩ ማብራሪያ መሠረት ነው። ሲሊከን የሚቀልጠው በ1,414 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን ክሪስታሉ የሚያድገው ከዚሁ ቀልጦ ነው። ብዙው ፔሮቭስካይት ግን ከፈሳሽ ሙሙት ላይ ተቀብቶ በ100 ዲግሪ አካባቢ በመድረቅ ክሪስታል ይሆናል። በቀላሉ የሚገነባ ቤት በቀላሉ ይፈርሳል፤ ፍርስራሹ እዚያው ካለ ግን መልሶ ለማቆምም አይከብድም።

እንከን እንዴት ይፈጠራል?

አንድ ፕሮቶን ክሪስታል ውስጥ ሲገባ ጉልበቱን በሁለት መንገድ ያጣል። አብዛኛውን ጊዜ በመንገዱ ያሉ ኤሌክትሮኖችን እያነቃቃ ይጓዛል፤ ይህም ቁሱን በጥቂቱ ያሞቀዋል። አልፎ አልፎ ደግሞ ከአንድ አቶም እምብርት ጋር ተጋጭቶ አቶሙን ከሥፍራው ያባርረዋል። በዚህ ጊዜ ሁለት እንከኖች በአንድነት ይወለዳሉ፤ አንደኛው አቶሙ የነበረበት ባዶ ቦታ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሥፍራ አጥቶ በሌሎች መካከል የተሸጎጠው አቶም ነው።

ሲሊከን ውስጥ እንዲህ ያሉ እንከኖች እንደ ጥልቅ ጉድጓድ ያገለግላሉ። ብርሃን ያስነሳው ኤሌክትሮን ወደ ሽቦው ከመድረሱ በፊት እዚያ ገብቶ ይቀራል፤ ኤሌክትሪኩም ይባክናል። የሲሊከን ሴል ከመቶ ማይክሮ ሜትር በላይ ውፍረት ስላለው ኤሌክትሮኑ ረጅም መንገድ መሄድ አለበት፤ ጉድጓድ የመግባት ዕድሉም በዚያው ልክ ይጨምራል። እንከኖቹን ለማጥፋት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር ዲግሪ ሙቀት ያስፈልጋል፤ ይህን በሚዞር ሳተላይት ላይ ማድረግ አይቻልም።

የዚህ ጉዳት አስከፊነት ለመጀመሪያ ጊዜ በገሃድ የታየው በሐምሌ 1962 ነበር። ዩናይትድ ስቴትስ ስታርፊሽ ፕራይም በተባለ ሙከራ በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የኒውክሌር ቦምብ አፈነዳች። ፍንዳታው የረጨው የኤሌክትሮን ደመና በምድር መግነጢሳዊ መስክ ተይዞ ለወራት ቆየ። የብሪታኒያ የመጀመሪያ ሳተላይት የነበረችው ኤሪየል 1 እንዲሁም ትራክና ትራንዚት 4ቢ የተባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች የፀሐይ ሴሎቻቸው በጨረራ ተጎድተው አገልግሎታቸው ተስተጓጎለ። ቴልስታር 1 የተባለችው የመገናኛ ሳተላይት ደግሞ ከፍንዳታው ማግስት የመጠቀች ሲሆን፣ ጨረራው ትራንዚስተሮቿን ጎድቶባት በየካቲት 1963 ሥራ አቆመች።

ፍንዳታ ባይኖርም ኅዋ ሁልጊዜ ቅንጣቶች አሉት። በዚህ ምክንያት ሳተላይት የሚነድፉ መሐንዲሶች ፓነሉን የሚመጥኑት መጀመሪያ ላይ በሚሰጠው ኃይል ሳይሆን በአገልግሎቱ ማብቂያ በሚቀረው ኃይል ነው፤ ልዩነቱ በትርፍ ስፋትና በትርፍ ክብደት ይከፈላል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችውና 72 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1ን በመሰለች አነስተኛ ሳተላይት ላይ እያንዳንዱ ግራም ዋጋ አለው። ቀላልና ጨረራን የሚችል የፀሐይ ሴል ለመፈለግ የሚደረገው ጥረት ከዚህ ይነሳል።

ማገገም

በፔሮቭስካይት ውስጥም ፕሮቶን አቶሞችን ያፈናቅላል። እንዲያውም ክሪስታሉ ለስላሳ በመሆኑ አቶሞቹ በቀላሉ ይነቀላሉ። ውጤቱ ግን የተለየ ነው፤ ምክንያቱም ሦስት ነገሮች ተደራርበው ይገኛሉ።

የመጀመሪያው ቁሱ እንከንን የሚታገሥ መሆኑ ነው። በፔሮቭስካይት ውስጥ በብዛት የሚፈጠሩት እንከኖች እንደ ሲሊከኑ ጥልቅ ጉድጓድ ሳይሆኑ በመንገድ ዳር እንዳሉ ጥልቀት የሌላቸው ጎድጓዳዎች ናቸው። ኤሌክትሮን ቢገባባቸውም በክፍሉ ሙቀት ብቻ ተነስቶ መንገዱን ሊቀጥል ይችላል። ሁለተኛው የንብርብሩ ቀጭንነት ነው፤ የሚጓዘው መንገድ አጭር በመሆኑ የሚያጋጥመው እንከን ጥቂት ነው።

ሦስተኛው፣ ዋናውም፣ አዮዲንና ብሮሚን በክሪስታሉ ውስጥ ተንቀሳቃሽ መሆናቸው ነው። እነዚህ አዮኖች በመደበኛ የክፍል ሙቀት ከባዶ ቦታ ወደ ባዶ ቦታ እየዘለሉ ይሄዳሉ። ስለዚህ የተፈናቀለ አዮዲን ሲባዝን ቆይቶ አንዱን ባዶ ቦታ ያገኝና ይገባበታል፤ ሁለቱ እንከኖች ተገናኝተው ይጠፋሉ። የጠገነው የውጭ እጅ የለም፤ ማንም ምድጃ ውስጥ አላስገባውም። «ራሱን ይጠግናል» የሚለው አነጋገር የመጣው ከዚህ ነው።

ይህ በመላምት የቀረ አይደለም። በጀርመን የሄልምሆልትዝ ማዕከል በርሊን ተመራማሪዎች በ2016 ባሳተሙት ጥናት የፔሮቭስካይት ሴሎች በፕሮቶን እየተደበደቡ ሳሉ የሚሰጡትን ኃይል ለክተዋል። ሴሎቹ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ እስከ 10 ትሪሊዮን ፕሮቶን ችለዋል፤ ይህ ሲሊከን መጎዳት ከሚጀምርበት መጠን 1,000 እጥፍ የሚጠጋ ነው። ድብደባው ከቆመ በኋላም ሴሎቹ ማገገም አሳይተዋል። በሙከራው የታየው የኤሌክትሪክ ፍሰት መቀነስ ራሱ በአመዛኙ የመጣው ሴሉ የተሠራበት መስታወት በጨረራ ምክንያት በመጥቆሩ ነበር።

የመስታወቱ ነገር በሌላ ሙከራም ተደግሟል። በ2019 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት የፔሮቭስካይት ሴሎችን ለ1,535 ሰዓታት ያለማቋረጥ ለጋማ ጨረራ አጋልጧቸዋል። ጠቅላላ የተቀበሉት መጠን 2.3 ሚሊዮን ራድ ቢሆንም፣ ከመጀመሪያ ብቃታቸው 96.8 በመቶውን ይዘው ተገኝተዋል። መስታወቱ ቡናማ ሆኖ ክሪስታሉ ሳይነካ መቅረቱ ለዘርፉ ባለሙያዎችም አስገራሚ ነበር።

ከዚህም የሚያልፍ አንድ ግኝት አለ። ዝቅተኛ ጉልበት ያላቸው ፕሮቶኖች በቀጭኑ ንብርብር ውስጥ ስለሚቆሙ አቶሞችን በማፈናቀል ረገድ እጅግ ጎጂዎች ናቸው። ከፍተኛ ጉልበት ያላቸው ግን አልፈው ስለሚሄዱ የሚተውት በአብዛኛው የኤሌክትሮን መነቃቃትና ሙቀት ነው። በ2024 በአሜሪካ ተመራማሪዎች የታተመ ሥራ እንዳሳየው በመጀመሪያዎቹ የተጎዳ ሴል በሁለተኛዎቹ ሲመታ ጉዳቱ ይቀንሳል። ኅዋ ውስጥ ሁለቱም ዓይነቶች በአንድነት ስላሉ፣ በአንድ ዓይነት ፕሮቶን ብቻ የተደረገ የምድር ሙከራ ኅዋውን በትክክል ላይወክል እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ትክክለኛ የኅዋ ሙከራዎችም ተጀምረዋል። በሰኔ 2019 የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የፔሮቭስካይት ሴሎችን በሮኬት ጭነው ከሰሜን ስዊድን ወደ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ አውጥተዋል፤ በረራው ለደቂቃዎች ብቻ የቆየ ቢሆንም ሴሎቹ ኃይል አመንጭተዋል። የናሳ ግሌን ምርምር ማዕከልና አጋሮቹ ደግሞ የፔሮቭስካይት ናሙና ከዓለም አቀፉ የኅዋ ጣቢያ ውጭ ለ10 ወራት እንዲቆይ አድርገዋል። ናሙናው ወደ ምድር ሲመለስ የታየበት ለውጥ ብርሃን ሲያርፍበት እየተቀለበሰ ሄዷል።

ክዳኑ ያለው ድስት

ማገገሙ የሚሠራበትን ሁኔታ በግልጽ ያሳየው በእስራኤል ሬሖቮት ከተማ በሚገኘው የዋይዝማን የሳይንስ ኢንስቲትዩት በ2018 የታተመው ሙከራ ነው። ተመራማሪዎቹ የጨረር ነጥብን በክሪስታሉ ገጽ ላይ ሳይሆን በሆዱ ውስጥ አሳርፈው ትንሽ ቦታ አቃጠሉ። በዚያ ቦታ የጠፋው ብርሃን የማመንጨት ባሕርይ ከሰዓታት በኋላ ተመለሰ። ቁም ነገሩ ጉዳቱ በክሪስታሉ ውስጥ የተዘጋ መሆኑ ነው።

ፔሮቭስካይት ሲበላሽ ወደ ተሠራባቸው ክፍሎች ይለያያል፤ የእርሳስ አዮዳይድ በአንድ ወገን፣ የካርቦን ውሁዱና አዮዲኑ በሌላ ወገን። ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ ተናኝ ናቸው። ድስቱ ከተከደነ እንፋሎቱ ከክዳኑ ላይ ተንጠባጥቦ ይመለሳል፤ ክዳኑ ከተነሳ ግን ውሃው ተንኖ ያልቃል። በተዘጋ ክሪስታል ወይም በሚገባ በታሸገ ፓነል ውስጥ የተለያዩት ክፍሎች ቅርብ ለቅርብ ስለሚቆዩ መልሰው ይዋሃዳሉ። ማሸጊያው ከተሰነጠቀ ተናኙ ክፍል ይሄዳል፤ የሚመለስ አካል ስለሌለ ማገገም የሚባል ነገርም የለም።

ከዚህ በመነሳት የማይመለሱ ጉዳቶችን መለየት ይቻላል። ጨረራ የካርቦን ውሁዱን ሰባብሮ ሃይድሮጅን ካስወጣ፣ ያ ሞለኪውል ተመልሶ አይገጣጠምም፤ በዚህ ምክንያት ለኅዋ አገልግሎት የሚዘጋጁ አንዳንድ ሴሎች በካርቦን ውሁዱ ፈንታ ሲዝየምን ይመርጣሉ። እርሳሱ ወደ ንጹሕ ብረትነት ተለውጦ ከተጠራቀመም እንዲሁ ነው። ውሃ የገባበት ፔሮቭስካይት ይሟሟል፤ ይህን የሚጠግን ሂደት በክሪስታሉ ውስጥ አልተቀመጠም። ሽቦዎቹ፣ ማጣበቂያዎቹና ኤሌክትሮዶቹ ደግሞ ከመጀመሪያውም ራሳቸውን የሚጠግኑ አልነበሩም።

ተደራቢ ሴል ከሆነ ሌላ ጥያቄ ይነሳል። የጀርመን ተመራማሪዎች በ2020 ሁለት ዓይነት ተደራቢ ሴሎችን በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 2 ትሪሊዮን ፕሮቶን መትተዋቸዋል። ፔሮቭስካይት ከሲአይጂኤስ ከተባለው ሌላ ቀጭን ቁስ ጋር የተደረበበት ሴል ከመጀመሪያ ብቃቱ ከ85 በመቶ በላይ ይዞ ቀረ። ከሲሊከን ጋር የተደረበው ግን ወደ 1 በመቶ ገደማ ወረደ። ፔሮቭስካይቱ ደህና ነበር፤ የታችኛው ሲሊከን ግን አልነበረም። በዛሬው ገበያ ላይ የሚቀርቡት ተደራቢ ፓነሎች በዋናነት የፔሮቭስካይትና የሲሊከን ጥምር መሆናቸውን ስናስታውስ፣ «ጨረራን ይችላል» የሚለው ባሕርይ ከቁሱ ወደ ምርቱ በቀጥታ እንደማይተላለፍ ይታያል።

በጣሪያ ላይ ሲሆን

በጣሪያ ላይ ያለ ፓነል ጠላቶቹ ፕሮቶኖች አይደሉም። እርጥበት፣ ሙቀት፣ የቀንና የሌሊት የሙቀት ልዩነት፣ ኦክስጅንና አልትራቫዮሌት ብርሃን ናቸው። የአልትራቫዮሌት መጠን ከባሕር ወለል በላይ በ1,000 ሜትር ከፍታ ወደ 10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ በደጋው የኢትዮጵያ ክፍል የሚተከል ማንኛውም ፓነል በቆላ ከሚተከለው ይልቅ ለዚህ ብርሃን የበለጠ ይጋለጣል። ክረምቱ ደግሞ ለወራት የሚዘልቅ እርጥበት ያመጣል።

ብርሃን ራሱ በፔሮቭስካይት ውስጥ አዮኖችን ያንቀሳቅሳል። አዮዲንና ብሮሚን በተቀላቀሉበት ቁስ ላይ ብርሃን ሲያርፍ ሁለቱ ወደየራሳቸው ሠፈር የመለያየት ዝንባሌ ያሳያሉ፤ በጨለማ ሲቆዩ መልሰው ይቀላቀላሉ። በዚህ ምክንያት ቀን ላይ ጥቂት ኃይል አጥተው ሌሊት አርፈው በማለዳ የሚያገግሙ ሴሎች አሉ። ሁሉም ግን እንዲህ አይደሉም፤ የብርሃንና የጨለማ መፈራረቅ ያለማቋረጥ ከሚበራ ብርሃን ይልቅ የሚጎዳቸውም ተገኝተዋል።

ገዢውን በቀጥታ የሚነካው ይህ ነው። ኃይሉ ከሰዓት ሰዓት የሚለዋወጥ ሴል በአንድ ደቂቃ ልኬት አይታወቅም። ስለዚህ አቅራቢው የሚጠቅሰው አኃዝ ፓነሉ ብርሃን ላይ ቆይቶ ከተረጋጋ በኋላ የተለካ መሆኑን መጠየቅ ተገቢ ነው። የሲሊከን ፓነሎች ያለፉበትን አይኢሲ 61215 የተባለውን ዓለም አቀፍ የፍተሻ ደረጃ ማለፉም መጠየቅ አለበት። በዚህ ደረጃ ውስጥ ፓነሉ በ85 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀትና በ85 በመቶ እርጥበት ለ1,000 ሰዓታት ይቆያል፤ እንዲሁም ከ40 ዲግሪ ከዜሮ በታች እስከ 85 ዲግሪ በሚደርስ የሙቀት መፈራረቅ 200 ዙር ያልፋል። የደኅንነት ደረጃው ደግሞ አይኢሲ 61730 ነው። በማስታወቂያ ላይ «ራሱን ይጠግናል» ተብሎ መጻፉ ከእነዚህ የአንዱንም ቦታ አይተካም፤ በዋስትና ውሉ ውስጥ ከተጻፈው ዓመትና የኃይል መጠን ውጭም አቅራቢውን የሚያስገድድ ነገር የለውም።

በአገራችን ገበያ በስፋት የሚገኙት ፓነሎች የሲሊከን ናቸው። የፔሮቭስካይትና የሲሊከን ተደራቢ ፓነሎች ለንግድ መቅረብ የጀመሩት በቅርቡ ነው፤ ኦክስፎርድ ፒቪ የተባለው ኩባንያ በጀርመን ካለው ፋብሪካው የመጀመሪያ ምርቱን ለአሜሪካ ደንበኛ መላኩን ያስታወቀው በመስከረም 2024 ነበር። በጣሪያ ላይ ሃያና ከዚያ በላይ ዓመታት ያገለገለ የፔሮቭስካይት ፓነል ገና የለም፤ የቁሱ ዕድሜ ራሱ አልደረሰምና። ለቤት አገልግሎት ፓነል የሚገዛ ሰው ይህን ቴክኖሎጂ በመጠበቅ ግዢውን የሚያዘገይበት ምክንያት አይታይም።

ጨረራን በመለካት ረገድ

ተመራማሪዎች ያንኑ ቁስ ጨረራን ለመለየትና ለመለካት እየሞከሩበት ነው። ኤክስሬይን ለማቆም ከባድ አቶም ያስፈልጋል። የሲሊከን አቶሚክ ቁጥር 14 ሲሆን የአዮዲን 53፣ የእርሳስ ደግሞ 82 ነው። ስለዚህ ቀጭን የፔሮቭስካይት ንብርብር ወፍራም ሲሊከን የማያቆመውን ኤክስሬይ ያቆማል። ይህ ከተሳካ የራጅ ምስል በአነስተኛ መጠን ጨረራ ሊነሳ ይችላል፤ ለታካሚው ያለው ጥቅም ግልጽ ነው። በጋማ መለኪያ ረገድም ከሲዝየም፣ ከእርሳስና ከብሮሚን የተሠራ ክሪስታል የሲዝየም-137ን 662 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጋማ በ1.4 በመቶ የመለየት ጥራት መለካቱ በ2021 ታትሟል።

ሆኖም ሴሉን የሚያድነው የአዮኖች መንቀሳቀስ ለመለኪያው ችግር ነው። መለኪያ የሚሠራው በከፍተኛ ቮልቴጅ ነው፤ ቮልቴጁ አዮኖቹን እየጎተተ ጨረራ በሌለበትም ጊዜ አነስተኛ ፍሰት ያስከትላል፤ ፍሰቱም በጊዜ ብዛት ይዋዥቃል። የሚያገግም ክሪስታል እንጂ የማይዋዥቅ ክሪስታል ገና አልተገኘም ማለት ይቻላል። የዚህ ዘርፍ ምርምር በአብዛኛው የሚደክመው አዮኖቹን ለመጠገን ያህል ልቅ፣ ለመለካት ያህል እስር አድርጎ በመያዝ ላይ ነው።

በተደጋጋሚ የሚነሱ ሁለት ስጋቶች

የመጀመሪያው ስጋት ከሲዝየም ስም ይነሳል። ብዙ ሰው ሲዝየምን የሚያውቀው ከቼርኖቢልና ከፉኩሺማ አደጋዎች ጋር ስለሆነ፣ በፓነል ውስጥ መኖሩን ሲሰማ መጨነቁ አያስገርምም። በእነዚያ አደጋዎች የተበተነው በኒውክሌር ማብላያ ውስጥ የሚፈጠረው ሲዝየም-137 ነው። በፔሮቭስካይት ውስጥ የሚገባው ከማዕድን የሚወጣው ሲዝየም-133 ሲሆን የረጋና ጨረራ የማያመነጭ ነው። በተፈጥሮ ያለው ሲዝየም ሁሉ ይኸው ዓይነት ነው። የፔሮቭስካይት ፓነል በኅዋ ጨረራን ይቋቋማል ማለት በቤት ጨረራ ይረጫል ማለት አይደለም፤ ፓነሉ ብርሃን ይቀበላል እንጂ ጨረራ አያመነጭም። ራጅን የመሳሰሉ የጨረራ አመንጪ መሣሪያዎችን ለሚይዙና ለሚጠቀሙ አካላት ግን የቁጥጥሩና የፈቃዱ ጉዳይ የሚመለከተው የኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣንን ነው።

ሁለተኛው ስጋት ስለ እርሳስ ሲሆን፣ ይህኛው መሠረት አለው። ንብርብሩ ቀጭን በመሆኑ በአንድ ካሬ ሜትር ፓነል ውስጥ ያለው እርሳስ ከ1 ግራም ያነሰ ነው። ነገር ግን በብረትነት የተቀመጠ እርሳስ አይደለም፤ ውሃ በተወሰነ ደረጃ ሊያሟሟው በሚችል ውሁድ መልክ ያለ ነው። ፓነሉ እስከታሸገ ድረስ ከውጭ ጋር አይገናኝም። መስታወቱ በበረዶ ወይም በድንጋይ ከተሰበረ ግን ዝናብ ውሁዱን ይዞ ሊወርድ ይችላል፤ እርሳስ ደግሞ በተለይ ለሕፃናት የአእምሮ ዕድገት ጎጂ ነው። የተሰበረ የፔሮቭስካይት ፓነል ካለ በጓንት ተነስቶ፣ በወፍራም ፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ሕፃናት በማይደርሱበት ደረቅ ቦታ መቀመጥና ለአቅራቢው መመለስ ይኖርበታል፤ ከቤት ቆሻሻ ጋር መጣል፣ ማቃጠል ወይም መቅበር አይገባም። ፓነሉ ከተሰበረበት ጊዜ ጀምሮ ከዚያ ጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃም ለመጠጥ፣ ለምግብ ማብሰያ ወይም ለከብት መዋል የለበትም።